ምልክቱን አይቶ ቦታውን ማወቅ፦ የአንጎል ክፍሎችና ሥራቸው

ጎንደር ውስጥ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከእንግዶች ፊት ሲቆም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚሠራውን እናስተውል። ቀኝ እጁ ደጋኑን ይስባል፣ ይገፋል። የግራ እጁ ጣቶች በአንዲቱ የፈረስ ጭራ ላይ ቦታ ይቀያይራሉ። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ሰምቶ፣ በአእምሮው ይዞ፣ ቤት አስመትቶ በዜማ ይመልሳል። እግረ መንገዱንም የሰውየውን ፊት እያየ ቀልዱ የት ላይ መቆም እንዳለበት ይመዝናል።

ስንኙን የሰማው ከሁለቱም ጆሮዎች በላይ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ያለው የአንጎል የጎን ክፍል ነው። የቃሉን ትርጉም የያዘው ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በአብዛኛው ሰው በግራ በኩል ያለ ቦታ ነው። መልሱን ቃል በቃል አሰናድቶ ለምላስና ለከንፈር የሚያቀብለው ከግራ ግንባር በስተታች ያለው ነው። ጣቶቹን የሚያዘው ከአናት ወደ ጆሮ የሚወርድ ቀጭን ሰቅ ነው። ምቱ እንዳይዛነፍ የሚጠብቁለት ከማጅራት በላይ የተቀመጠው ትንሹ አንጎልና በትልቁ አንጎል ውስጥ ጠልቀው የሚገኙት ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉት የነርቭ ሴል ክምችቶች ናቸው። «እዚህ ላይ ይብቃ» የሚለው ደግሞ የግንባሩ ክፍል ነው።

ስለዚህ አንጎል ሲጎዳ ሰው ምን እንደሚያጣ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ከጉዳቱ ስፋት ይልቅ ቦታው ነው። የግራ ግንባር ጥቂት ሴንቲሜትር ሲጎዳ ሰውየው ንግግር ያጣል፤ ያንኑ ያህል ጉዳት በቀኙ ግንባር ቢደርስ ቤተሰብም ላያስተውለው ይችላል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለሐኪም ብቻ አይደለም። በሽተኛው ሲታመም አጠገቡ የነበረው እናት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ «መጀመሪያ የታየው ምንድን ነው? በየትኛው ጎን? በስንት ሰዓት?» ብሎ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ዕረፍት ላይ ካለ ሰውነት ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። «ሰው የሚጠቀመው ከአንጎሉ 10 በመቶውን ብቻ ነው» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ቦታ ቢኖር ኖሮ እዚያ ላይ የሚደርስ ጉዳት ምንም ባላስከተለ ነበር። «ግራው የሒሳብ፣ ቀኙ የጥበብ» የሚለው ክፍፍልም እንዲሁ የተጋነነ ነው። አዝማሪው አንዲት ስንኝ ሲመልስ ሁለቱም ጎኖች አብረው ይሠራሉ።

ከእንቅስቃሴ እንጀምር። ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርዱት የትእዛዝ መስመሮች አብዛኞቹ የአንጎል ግንድ መጨረሻ ላይ፣ አንጎል ከኅብለ ሰረሰር ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሻገራሉ። የቀኝ እጅና እግር ሲሰንፍ ችግሩ በግራው አንጎል ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በእንቅስቃሴው ሰቅ ላይ አካላችን ተዘቅዝቆ ተቀምጧል፦ እግር ከላይ በመሀል አናት፣ እጅ በጎን፣ ፊትና ምላስ ከታች ወደ ጆሮ። ካናዳ ውስጥ ይሠራ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ካርታ የሠራው ነቅተው በሚታከሙ ሰዎች አንጎል ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ እያስነካ ነው። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው ይህ ይቻላል። ካርታው ላይ ሰፊውን ቦታ የያዙት ጀርባና ጭን አይደሉም፤ ጣትና ከንፈር ናቸው። ቦታ የሚሰጠው ለአካሉ ትልቅነት ሳይሆን ለሥራው ረቂቅነት ነው። በ1995 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት የክር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች ለግራ እጅ ጣቶቻቸው ስሜት የሚሆነው የአንጎል ቦታ ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኝቷል፤ በልጅነት የጀመሩት ላይ ደግሞ ይበልጥ። ጥናቱ የተሠራው በማሲንቆ ተጫዋቾች ላይ ባይሆንም፣ ከልጅነቱ ከአባቱ ሥር ሆኖ ማሲንቆ የተማረ አዝማሪ ግራ እጅ የሚሠራው ሥራ ያው ነው።

ይህ ካርታ ከደም ሥሮች ጋር ሲታይ ብዙ ነገር ይገልጣል። የፊትና የእጅን ቦታ የሚመግበው የመካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ሥር ነው፤ የእግርን ቦታ የሚመግበው የፊተኛው ነው። ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው ጉዳት) ብዙ ጊዜ የሚይዘው መካከለኛውን ስለሆነ፣ ፊቱ ተጣሞ እጁ ወድቆ እግሩ ግን በመጠኑ የሚራመድ በሽተኛ እናያለን። ፊት፣ እጅና እግር እኩል ከሰነፉ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከላይ ተበታትነው የመጡት የነርቭ ክሮች አንጎል ውስጥ እንደ መጥረጊያ እጀታ አንድ ላይ ተጠባብቀው የሚያልፉበት ጠባብ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ከ1.5 ሴንቲሜትር ያነሰ ጉዳት ብቻውን ግማሽ አካልን ሽባ ያደርጋል። ይህን ቦታ የሚመግቡትን ጥቃቅን ደም ሥሮች በዋናነት የሚጎዳው ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ነው። የደም ግፊት መድኃኒትን «ደህና ነኝ፣ ምንም አያመኝም» ብሎ ማቆም አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደም ሥሩ ሲበላሽ አያምም።

የፊት መጣመም ሁሉ ስትሮክ አይደለም። ብዙ ጊዜ «መጋኛ መታው» የሚባለው፣ ከአንጎል ወጥቶ ከጆሮ ሥር የሚያልፈው የፊት ነርቭ ሲታመም የሚመጣው ነው። ልዩነቱን ግንባር ይናገራል። የላይኛው ፊት ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ትእዛዝ ስለሚያገኝ፣ በስትሮክ ጊዜ አፍ ቢጣመምም ሰውየው ሁለቱንም ቅንድብ አንሥቶ ግንባሩን መሸብሸብ ይችላል። ነርቡ ራሱ ከታመመ ግን በዚያ ጎን ግንባሩም አይሸበሸብም፣ ዓይኑም አይከደንም። ይህን ቤት ውስጥ አይቶ መወሰን ግን አይገባም። ለነርቡ ሕመም የሚሰጠው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚበጀው፤ ስለዚህ በሁለቱም በኩል መሄድ ያለበት ወደ ሕክምና ነው።

ንግግርን በተመለከተ ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ፣ ግራኝ ከሆኑትም አብዛኞቹ ቋንቋን የሚያስተናግዱት በግራው አንጎል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 (እ.ኤ.አ.) «ታን» ከማለት በቀር ሌላ መናገር ያልቻለ ሰው ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራ ግንባር በኩል አገኘው። እዚህ ቦታ የተጎዳ ሰው የሚባለውን በአመዛኙ ይረዳል፤ ቃል ግን አይወጣለትም። ከቅዳሜ ገበያ ጤፍ ገዝቶ መምጣቱን ሊነግራችሁ ሲፈልግ «ገበያ… ጤፍ… ቅዳሜ» ይላል፤ ግሱን ማርባትና ቃላቱን ማያያዝ ያቅተዋል፣ ማቃቱንም ስለሚያውቅ ይበሳጫል፣ ያለቅሳል። በ1874 (እ.ኤ.አ.) ካርል ቬርኒከ የገለጸው ሌላኛው ዓይነት ተቃራኒ ነው። ከግራ ጆሮ ኋላ በኩል የተጎዳ ሰው ቃላቱ እንደ ወትሮው ይፈስሳሉ፣ ዜማውም አማርኛ ነው፣ ትርጉሙ ግን የለም፤ «እሱማ ያው ያንን ሲያደርጉት መቀነቱ ወጥቶ ነበር እኮ» ዓይነት ይሆናል። የሚነገረውንም አይረዳም፣ መሳሳቱንም አያውቅም። ቤተሰብ «አበደ» ብሎ የሚደነግጠው በዚህኛው ነው፤ በሽተኛው ግን አላበደም። አንድ ሰው ጤነኛ ውሎ በድንገት ትርጉም የሌለው ነገር መናገር ከጀመረ ስትሮክ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። «ውሃ ስጡኝ» ማለት ያቃታቸው አዛውንት «አባታችን ሆይ» ሲጀመርላቸው እስከ መጨረሻው ሊወጡት፣ መዝሙርም ሊያዜሙ ይችላሉ። አስመስለው አይደለም። ለዘመናት የተደጋገመ ጸሎትና ዜማ አዲስ ዓረፍተ ነገር የሚፈጠርበትን መንገድ ብቻ ተከትሎ አይወጣም፤ ቀኙ አንጎልና ውስጠኞቹ ክፍሎች ይሸከሙታል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎችም ዜማን ወደ ንግግር መመለሻ አድርገው ይጠቀሙበታል።

ማንበብም የራሱ ቦታ አለው፤ ከግራ አንጎል በስተኋላ ታችኛው ክፍል። ዴዠሪን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1892 (እ.ኤ.አ.) የመዘገበው በሽተኛ ይጽፍ ነበር፤ የጻፈውን ግን ራሱ ማንበብ አይችልም ነበር። ዓይን ደህና ነው፣ እጅም ደህና ነው፤ የተቋረጠው ዓይን ያየው ፊደል ወደ ቋንቋ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

የማየት ሥራ የሚሠራው ዓይን ካለበት ተቃራኒ፣ በማጅራት በኩል ባለው የአንጎል የኋላ ክፍል ነው። የቀኙ ከተጎዳ ከሁለቱም ዓይኖች የግራው የእይታ ግማሽ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ሰው ግራውን እንደማያይ ስለሚያውቅ አንገቱን እያዞረ ያካክሰዋል። ከዚህ የሚለየውና ይበልጥ የሚያስቸግረው የቀኝ አናት አካባቢ ጉዳት ነው። ዓይን ያያል፤ አንጎል ግን ግራ የሚባል ጎን መኖሩን ይተዋል። መሶቡ ቀርቦ እንጀራው ላይ በስተቀኝ ያለውን ወጥ ጠርገው ይበላሉ፤ በግራ ያለው ሳይነካ ይቀራል፤ «አልጠገብኩም፣ ወጥ አነሰ» ይላሉ። እንጀራውን ብታዞሩላቸው ቀሪውን አግኝተው ይበላሉ። ነጠላ ሲያጣፉ በግራ ትከሻ ይወድቃል፣ ጢም ሲላጩ ግራው ጉንጭ ይቀራል፣ በር ሲያልፉ ግራ ትከሻቸው ይጋጫል። የሰነፈውን ግራ እጃቸውን «የኔ አይደለም» የሚሉም አሉ። ይህን እንደ ግትርነት ወስዶ መቆጣት አይረዳም። ውሃና መጥሪያን በቀኝ በኩል አስቀምጡ፤ ስታጫውቷቸው ግን ቀስ በቀስ ከመሀል ወደ ግራ እየዞራችሁ ተቀመጡ፣ ግራ እጃቸውን እየነካችሁ አናግሯቸው። ብቻቸውን መንገድ እንዲሻገሩ አትፍቀዱ፤ ከግራ የሚመጣ ባጃጅ ለእነሱ የለም።

ትዝታ የሚመዘገበው በሁለቱም ጎን፣ ከጆሮ ጠለቅ ብሎ ባለው ሂፖካምፐስ ነው። ይህ የታወቀው በአሜሪካዊው ሄንሪ ሞሌይሰን ነው። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ለሚጥል በሽታ ሕክምና ተብሎ የሁለቱም ጎን ሂፖካምፐሱ ብዙው ክፍል ሲወጣለት 27 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ2008 (እ.ኤ.አ.) እስኪሞት ድረስ አዲስ ትዝታ መያዝ አልቻለም። የልጅነቱን ያስታውሳል፤ ከደቂቃዎች በፊት ያገኘውን ሰው አያስታውስም። ሆኖም በመስታወት እያየ ሥዕል መከተልን ሲለማመድ በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፤ መለማመዱን ግን አያስታውስም ነበር። የእጅ ሙያ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። የአልዛይመር በሽታም በሂፖካምፐስና አካባቢው ስለሚጀምር፣ መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው የሚወጡ አባት ዛሬ ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ። «የድሮውን ሁሉ ያውቃሉ፣ የመርሳት በሽታ አይደለም» ማለት እዚህ ላይ ያሳስታል።

የግንባር ክፍል ማቀድን፣ ራስን መግዛትን፣ ለመሥራት መነሣትን ይመራል። በ1848 (እ.ኤ.አ.) ፊኒያስ ጌጅ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ይናገራል፣ ይራመዳል፤ ጓደኞቹ ግን «ያ ጌጅ አይደለም» አሉ፤ ተሳዳቢና ውሳኔው የማይጸና ሆኖ ነበር። ያለ ሄልሜት ከሞተር ሳይክል ወድቆ ግንባሩን የተመታ ወጣት ላይ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ሁለት መልክ አለው፦ አንዱ በትንሹ መቆጣትና ማፈር ማጣት፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መዋል ነው። ሁለተኛውን ሰው ሁሉ ስንፍና ይለዋል። እንዲህ ላለው ሰው ምክር ከመደርደር ይልቅ አንድ አጭር ሥራ ሰጥቶ፣ ሲጨርስ ሌላውን መስጠት ይሻላል።

ትንሹ አንጎል ከጠቅላላው ክብደት አሥር በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ በአንጎል ካሉት 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አብዛኞቹን የያዘ ነው። ሥራው ሚዛንና ልክ ነው፤ መስመሩ ሁለት ጊዜ ስለሚሻገር የግራው ጉዳት የሚታየው በግራ እጅና እግር ላይ ነው። አረቄ የጠጣ ሰው እግሩን አንፈራጥጦ የሚንገዳገደው፣ ምላሱም የሚተሳሰረው አልኮሉ ይህን ክፍል ስለሚያውከው ነው። አደገኛው እዚህ ቦታ የሚፈስ ደም ነው፦ ድንገተኛ ማዞር፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ መቆም አለመቻል፤ እጅና እግር ግን ጉልበት አላቸው። ሽባነት ስለሌለ «ሆዱን ነው» ወይም «ጠጥቶ ነው» ተብሎ ይተዋል። እብጠቱ የአንጎል ግንድን ከተጫነ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

የአንጎል ግንድ አውራ ጣት የሚያህል ቢሆንም መተንፈስ፣ መዋጥና ንቃት የተንጠለጠሉት በእሱ ላይ ነው። መሀሉ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሰውን ሙሉ በሙሉ ሽባ አድርጎ ንቃቱን እንዳለ ሊተወው ይችላል፤ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ዝም ባለ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ «አይተርፍም» አትበሉ። በመጀመሪያ «ወደ ላይ ይመልከቱ እስቲ» ብላችሁ ሞክሩ።

የሚጥል በሽታም ከየት እንደሚነሣ ይነግረናል። ከአንድ አውራ ጣት ጀምሮ ወደ ክንድ፣ ከዚያ ወደ ፊት የሚዛመት መንቀጥቀጥ የእንቅስቃሴውን ሰቅ ተከትሎ የሚሄድ ነው። የሌለ ሽታ ማሽተት፣ ድንገተኛ ፍርሃት፣ ከዚያ ፈዝዞ አፍን ማላመጥ ደግሞ ከጎን ክፍል ይነሣል። በዚህ ጊዜ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት መንቀጥቀጡን አያቆመውም፤ ማንኪያ አፍ ውስጥ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል። በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ አላሉ፣ ሰዓት ያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ለሞባይል ካሜራ ጥሩ ሥራ ይህ ነው፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሐኪሙ ከረጅም ገለጻ ይሻላል። ጸበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ እንጂ አያቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥ የማይቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ስትሮክ ሲጠረጠር የሚታየው ሦስት ነገር ነው፦ ፈገግ ሲል አፉ ይጣመማል ወይ? ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ለ10 ሰከንድ ሲዘረጋ አንዱ ይወርዳል ወይ? አንድ ዓረፍተ ነገር ደግም ሲባል ይሳሳታል ወይ? አንዱም ቢታይ ጊዜ አይባከን። ጤነኛ ሆኖ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ጻፉ፤ ተኝቶ የነቃ ከሆነ የሚቆጠረው ከተኛበት ሰዓት ነው። የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም ሲቲ ስካን የሚባለው የራስ ምርመራ ምስል ደም አለመፍሰሱን ካሳየ በኋላ ነውና ከደንቢያ ወይም ከጭልጋ ወደ ጎንደር ለሚመጣ ሰው የመንገዱም ጊዜ ከዚሁ ይቀነሳል። አስፕሪን በግምት አትስጡ፤ ስትሮኩ ደም መፍሰስ ከሆነ ያባብሰዋል። ውሃም፣ ወተትም፣ አጥሚትም አታስጠጡ። መዋጥ የተሳነው ሰው የጠጣው ወደ ሳንባው ይገባል፤ ከስትሮኩ የተረፈ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ በሚመጣ የሳንባ ምች ነው።

በዱላ ጆሮ ግንዱ አካባቢ የተመታ ሰው ተነሥቶ ቢያወራም ገና አልዳነም። እዚያ አጥንቱ ስስ ነው፣ ከሥሩም ደም ሥር ያልፋል። ደሙ እየተጠራቀመ ለሰዓታት ደህና መስሎ ይቆያል፤ ከዚያ ራስ ምታቱ ይበረታል፣ ያስመልሰዋል፣ ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ይሰፋል። ደሙ በጊዜ ከወጣ ብዙዎች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ስለዚህ ባይታመምም ይታይ፤ ወደ ቤት ከተላከም ለ24 ሰዓት ሰው አይለየው፣ በየጊዜው እየተቀሰቀሰ ስሙንና ያለበትን ይጠየቅ።

የሞተ የነርቭ ሴል አይተካም፤ አጠገቡ ያሉትና በተቃራኒው ጎን ያሉት ግን በልምምድ ብዛት ሥራውን ይማራሉ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይታያል፤ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። የሰነፈው እጅ ጥቂትም ቢንቀሳቀስ በቀን ብዙ ጊዜ እውነተኛ ሥራ ይሥራ፦ ስኒ ማንሣት፣ ባቄላ መልቀም፣ ቁልፍ መቆለፍ። ንግግር ለጠፋበት ሰው «አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስ አንድ ጥያቄ ጠይቁና ታገሡት፤ ቃሉን ቀድማችሁ አትጨርሱለት። ስታነሡት ደግሞ ሽባ የሆነውን ክንድ አትጎትቱ። ትከሻውን የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ መገጣጠሚያው ይወልቃል፤ ከወገቡ ወይም ከደረቱ ጀርባ ያዙት፣ ሲቀመጥም ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፉለት።